ገመናዋን የሸፈንንላት ቀን

በዚያ ጠዋት በእድራችን አዳራሽ ውስጥ ማን የት እንደነበረ አስታውሳለሁ። ሰብሳቢው፣ በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ያለው ጎልማሳ፣ ከፊት ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ከጎኑ ከወረዳው የመጣች ወጣት ባለሙያ አለች፤ የወንበሯ አንድ እግር ስለሚነቃነቅ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብላለች። ሽሮ ሻጯ ጎረቤቴ ከፊተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ናት። ጡረተኛው ሾፌር በሩ ላይ ቆመዋል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንዴ ከተቀመጡ መነሳት ይቸግራቸዋል። እኔ መስኮቱ ሥር ነኝ። ከኋላችን የሰፈሩ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ልብስ አጣቢዋ መሃል ወለሉ ላይ፣ በአግዳሚውና በጠረጴዛው መካከል ብቻዋን ቆማለች። ወንበር ቀርቦላት ነበር። «ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

የተሰበሰብነው ለእሷ ነው። መንግሥት ለከተማ ድሃ የሚሰጠው ድጋፍ፣ ሰው ሁሉ ሴፍቲኔት የሚለው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ሰፈራችን መጥቶ እሷ ሳትመረጥ ቀርታ ነበር። ቅሬታ አቅርባ በዚያ ቀን ሊሰማላት ነው። ከተቀበሏት ግቢያችን ውስጥ እንደ ድሮዋ ትኖራለች። ካልተቀበሏት ከልጅነቷ ጀምሮ ከኖረችበት ከአራዳ ወጥታ፣ ገጠር ካለው የአባቷ ልጅ ቤት ትገባለች። ሌላ መንገድ አልቀራትም። ይህን እኛ ጎረቤቶቿ እናውቃለን። ከጠረጴዛው ኋላ ያሉት አያውቁም። የተጠራነውም እንድንነግራቸው ነው።

ግቢያችን ከአፍንጮ በር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። አራት ቤት ነን። ሁሉም የቀበሌ ቤት ነው፤ የጭቃ ግድግዳ፣ በየክረምቱ የሚጠገን ቆርቆሮ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ አለን። እኔ በመሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ሾፌሩ ከእኔ ፊት ለፊት ናቸው። ሽሮ ሻጯ ድጋፉ ከመምጣቱ በፊት ሽሮ አትሸጥም ነበር፤ ባሏ ጥሏት ሄዶ ልጆቿን ይዛ በቀን ሥራ የምትንከራተት ሴት ነበረች። ልብስ አጣቢዋ ከሁላችን ጠባብ በሆነችው፣ ከቧንቧው አጠገብ ባለችው ክፍል ትኖራለች። ልጅ አልወለደችም።

ያን ጊዜ ድህነታችን አንድ ዓይነት ነበር። የእኔ ጡረታ ትንሽ ሻል ይላል ቢባልም ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ጨው ያለው ጨው ያበድራል፤ ከሰል ያለው ከሰል ያበድራል። ዛሬ የሰጠ ነገ ይቀበላል። ስለዚህ ማንም የማንም ባለውለታ አልነበረም። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም። ያስተዋልኩት ከተለወጠ በኋላ ነው።

ድጋፉ መጀመሪያ ሲመጣ ከግቢያችን ሽሮ ሻጯ ተመረጠች። ልጆች ስላሏትና ጉልበት ስላላት ሠርተው ከሚከፈላቸው ተጠቃሚዎች አንዷ ሆነች። ገና ሳይነጋ ሰደርያዋን አጥልቃ፣ አፏንና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ከጓደኞቿ ጋር መንገድ ትጠርጋለች፤ የወንዙን ዳር ታጸዳለች። ከምታገኘው ላይ በግዴታ ትቆጥባለች። ጊዜው ሲያልቅ መቋቋሚያ ገንዘብ ሰጧት። ይህንን መመረቅ ይሉታል።

«ተመረቅሁ!» ብላ ወደ ግቢው ስትገባ ሾፌሩ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በምን?» አሏት።

«በድህነት ነዋ ጋሼ!»

«ጉድ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ስማረው ኖሬ አንድ ክፍል እንኳ አላሳለፉኝም፤ አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ ገብተሽ ጋውን ለብሰሽ ወጣሽ።»

«እርስዎ ደጋሚ ነዎት!»

ሁላችንም ሳቅን። ልብስ አጣቢዋም እጇ ሳሙና እንደተቀባ ሳቀች።

ያ ገንዘብ ምንም አልሠራም የሚል ሰው ቢመጣ እሟገተዋለሁ። ልጆቿ ቁርስ በልተው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ትንሹ ልጇ እግሩ ቀጥ ሲል፣ ፊቱ ሲሞላ አይቻለሁ። መንገድ ዳር ሽሮና በርበሬ አስፈጭታ መሸጥ ጀመረች፤ ቀጥሎ የታሸገ ውኃና ለስላሳ ጨመረች፤ ቀጥሎ ፍሪጅ ገዛች። ፍሪጁ የመጣ ዕለት አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። ግቢው እልል አለ። እኔም እልል ብያለሁ፤ እልል ማለት የማይቀናኝ ሴት ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከቆጣሪው ነው። የግቢያችን ደንብ የመብራት ሒሳብ ለአራት ቤት እኩል ይካፈላል የሚል ነው። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ሁሉም ቤት አንድ አምፖልና አንድ ሬድዮ ባለው ዘመን። አሁን ፍሪጅ መጣ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተከተለ። ሒሳቡ አደገ። ሽሮ ሻጯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ራሷ ናት ያነሳችው።

«እኔ ነኝ የማስቆጥረው። የእኔ ድርሻ ይጨመር» አለች።

ልብስ አጣቢዋ ተቆጣች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር።

«እኩል ነው ደንቡ! ለምንድነው የሚጨመረው? እኔ መክፈል አቃተኝ ብያለሁ?»

«አንቺን አላልኩም እኮ እቴ።»

«እንግዲያው ተይው።»

ተተወ። ከዚያ በኋላ ከቧንቧው አጠገብ ያለችው ክፍል ሲመሽ ጨለማ ትሆን ጀመር። ዓይኔን ስለሚያመኝ ነው አለችን። መብራቷን አጥፍታ ድርሻዋን ግን እንደ ሌሎቻችን ትከፍላለች፤ ለዚያ ምን እንደምትሸጥ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የጠፋው ሬድዮኗ ነበር። ቀጥሎ ሁለቱ ትልልቅ የብረት ሳፋዎቿ ጠፉ፤ ይህን ሳይ ሥራዋም እንደጠፋ ገባኝ።

እጇን ቁርጥማት ይዟት ቆይቶ ነበር። ብርድ ልብስ መጭመቅ ካቃታት በኋላ አንሶላ ብቻ አጥባለሁ አለች፤ ቀጥሎ ሸሚዝ ብቻ። ይህም ሆኖ ደንበኛ ነበራት፤ በፒያሳ ዙሪያ ለረጅም ዘመን ያጠበችላቸው ቤተሰቦች ሥራዋን አይተው ሳይሆን እሷን አይተው ይጠሯታል። ከዚያ የእነሱ ሰፈር ፈረሰ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራት ተተከለ፤ አበባ ተተከለ። ያምራል፤ አያምርም አልልም። ደንበኞቿ ግን ከከተማው ዳር ወዳሉት ኮንዶሚኒየሞች ሄዱ። አንዷ ብቻ በስልክ ትጠራት ነበር፤ የታክሲው ከምታገኘው ስለበለጠ ቀረ።

ምሳ እንደማትበላ ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው።

በምሳ ሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው ትወጣለች። «ተጠርቻለሁ» ትለናለች። አንዳንዴ «ለቅሶ ቤት ነኝ» ትላለች። ስትመለስ ስቴኪኒ በአፏ ይዛ፣ ጥርሷን እየጎረጎረች ትገባለች። ሾፌሩ ያዩዋትና «ጥሬ ነው ጥብስ?» ይሏታል። «ምን ያገባዎታል?» ትላቸዋለች፤ እየሳቀች። አንድ ቀን እኔ መድኃኒት ልገዛ ወርጄ ስመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አየኋት። ሻጮቹ ዕቃቸውን ዘርግተው፣ ረዳቱ «ስድስት ኪሎ! ስድስት ኪሎ!» እያለ፣ ሰው እየተጋፋ ሲያልፍ እሷ ድልድዩን ተደግፋ ወንዙን ታያለች። ቆሜ ጠበቅኋት። የትም አልሄደችም። በኋላ ከነጠላዋ ጫፍ ስቴኪኒ ፈትታ አወጣችና አፏ ውስጥ አደረገች። ከዚያ ወደ ግቢው አቀናች።

ሌላ ቀንም ሄጄ አየሁ። ያው ናት።

ምንም አላልኳትም። ምግብ ስሠራ አብዝቼ እሠራና «ጨው በዛብኝ መሰለኝ፣ ቅመሺልኝ» እላታለሁ። ትቀምሳለች፤ «ልክ ነው እትዬ» ትልና ሳህኑን ትመልሳለች። ሽሮ ሻጯም ሳህን ትልክላት ነበር። እሱን ደግሞ ጭራሽ አትነካውም። ድሮ ወደ እሷ ቤት የተላከ ሳህን ባዶውን አይመለስም ነበርና አሁን የምትሞላበት ስለሌላት መቀበሉን ተወችው። ሽሮ ሻጯ ኮራችብኝ ብላ አለቀሰች። አንዷ ከፍ ስላለች፣ ሌላዋ ዝቅ ስላለች፣ በአንድ ቧንቧ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች ሰላምታ ብቻ ቀራቸው። ድህነት በግቢያችን ቀንሶ ነበር። በእኛ መካከል ያለው ርቀት ግን ጨምሯል።

ድጋፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ መሥራት ለማይችሉ፣ ጧሪ ለሌላቸው ሰዎችም በየወሩ የሚሰጥ እንዳለ ተነገረን። ሾፌሩ ናቸው ሄደሽ ተመዝገቢ ያሏት። ሦስት ጊዜ እምቢ ካለች በኋላ ሄደች። ከዚያ ቤቷን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገራት።

«እንግዳ ሊመጣብኝ ነው» ብላ ደጄ ላይ ቆመች።

እሷ እንግዳ ያለችው አጣሪዎቹን ነው። እኛም እንግዳ ብለን ሰማነው። ሰው ቤት ሰው ሲመጣ ቤቱ አይራቆትም። ግቢው ሁሉ ተነሳ። ሽሮ ሻጯ ብርጭቆዎቿንና ለስላሳ መጠጥ ላከች፤ የዚያን ቀን ልብስ አጣቢዋ አልመለሰችም፤ ለእንግዳ ነውና። ሾፌሩ ሁለት ወንበር ሰጡ። እኔ ያን ነጩን፣ ዳር ዳሩ በእጅ የተሠራውን የአልጋ ልብሴን አዋስኳት። አልጋዋ ላይ ሲነጠፍ ክፍሏ ሌላ ክፍል መሰለች። እሷም ለበዓል የምታስቀምጠውን ቀሚስ ለበሰች።

ሁለት ወጣቶች መጡ፤ ገቡ፤ ዞር ዞር ብለው አዩ። ለስላሳ ተከፈተላቸው። አንደኛው ሲወጣ «እናታችን፣ ቤትዎ እንዴት ያምራል!» አላት። ከቧንቧው ሆነን ሰማነው። ደስ አለን። እውነቴን ነው፣ በዚያን ሰዓት ደስ ብሎን ነበር። እንግዳው በደንብ ተስተናግዶ ሄዷል።

ሳትመረጥ የቀረችው በዚህ ነው። ማንም አልበደላትም። ያዩትን ነው የጻፉት።

ሾፌሩ «ቅሬታ አቅርቢ» አሏት። «ወንበሩ የጋሼ ነው፣ ብርጭቆው የጎረቤቴ ነው፣ አልጋ ልብሱ የእትዬ ነው በያቸው።»

«ተበድሬ ነው ያስተናገድኳችሁ ልበል? ደግሞ የጋበዝኳቸውን ለስላሳ ላስመልስ?»

«አንቺ ሴትዮ ጨላው ይሻላል ኩራቱ?»

«እርስዎ የትኛውን ይዘው ነው የሚኖሩት?»

ጋሼ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። ቅሬታውን እሳቸው ራሳቸው ሄደው አስመዘገቡላት። እሷም አልከለከለችም። በዚያ ሰሞን የአባቷ ልጅ ልኮባት ነበር፤ ከገጠር፣ እንሰት ከሚተከልበት አገሯ። መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ አላት። ሚስቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻት። «በሰው ማጀት በስተርጅና» አለችኝ። ከዚህ በላይ አላለችም፤ ይህም ለእሷ ብዙ ነው።

እንግዲህ አዳራሹ ውስጥ ነን።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና «ጎረቤት ይናገር። የሚያውቃት ሰው ያለችበትን ሁኔታ ይግለጽልን» አለ።

ሽሮ ሻጯ ብድግ አለች። ከመናገሯ በፊት እንባዋ መጥቷል።

«እሷን የማያውቅ አለ? ከሰው ደጅ ቆማ የማታውቅ፣ እጇ ንጹሕ፣ ቤቷ ንጹሕ። ሰው ሲበላ ቀና ብላ የማታይ የጨዋ ልጅ ናት። ሳህን ብልክላት ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ አትቀበለኝም! እሷን ድሃ ነሽ የሚል ሰው አፉ ይያዝ!»

ከኋላ ያሉት ሴቶች «እውነት ነው» አሉ። «እሷማ እመቤት ናት!» ያለችም ነበረች።

ሰብሳቢው ግራ ተጋብቶ ቀና አለ። «እህቴ፣ የተነሳሽው ለመደገፍ ነው ለመቃወም?»

«ለመደገፍ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ሰው ሳቀ። ወጣቷ ባለሙያ አልሳቀችም።

በእኛ ዘንድ የሰው ገመና ይሸፈናል። ጎረቤት ማለት የቤትሽን ጉድለት አይቶ ያላየ ነው። ይህን ከእናቶቻችን የተቀበልነው ነው፤ ድሃን በአራዳ ያኖረውም ይኸው ነው። አሁን ግን ሰው ፊት ቆመን፣ እሷ እየሰማች፣ ርቧታል በሉ ተባልን። ሽሮ ሻጯ ልትላት የምትችለውን መልካም ነገር ሁሉ አለችላት። እያንዳንዱ መልካም ቃል ከድጋፉ አንድ እርምጃ ያርቃት ነበር።

ሾፌሩ ከበሩ ሆነው እጃቸውን አወጡ።

«የኔ ጌታ፣ እኛ አራዶች ሆዳችን ባዶ ቢሆን እንኳ ጫማችን ይወለወላል። ጫማ አይታችሁ አትፍረዱ።»

«ሆዷ ባዶ ነው እያሉን ነው ጋሼ?»

ሾፌሩ ወደ እሷ አዩ። እሷ ወለሉን ታያለች።

«እኔ ስለ አራዳ ነው የተናገርኩት» አሉ። «ስለ እሷ ሆድ ምን አውቃለሁ? ባሏ ነኝ?»

ሰው እንደገና ሳቀ። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ደጁ መለሱ።

ሰብሳቢው ወደ እሷ ዞረ። «እስቲ እርስዎ ራስዎ ይንገሩን። ጧሪ ቀባሪ አለዎት?»

«እግዚአብሔር አለ» አለች።

«እሱማ ለሁላችንም አለ። ከሰው ማለቴ ነው።»

«ጎረቤት አለኝ። ወንድምም አለኝ።»

ባለሙያዋ ወደፊት ጎንበስ አለች። ድምጿ የልጅ ድምፅ ነው። «እማማ፣ ወንድምዎ ይረዳዎታል? ገንዘብ ይልክልዎታል? የማይረዳዎት ከሆነ ‹ሰው የለኝም› ይበሉኝ። እሱን ብቻ ይበሉኝ።»

«ወንድም እያለኝ ሰው የለኝም ልበል?» አለች። «በቁሙ ልቅበረው?»

 ልጅቱ ልትረዳት እየለመነቻት እንደነበር ከመስኮቱ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። ልመናው ግን እኛ በምንግባባበት ቃል አልነበረም።

ያኔ ተነሳሁ። ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ በመሥሪያ ቤትም ሳለሁ የሌላውን ንግግር እተይባለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። ሰብሳቢው «እሺ እናቴ» አለኝ።

«ምሳ አትበላም» አልኩ። «ተጠርቻለሁ ብላ ትወጣና ሰዓቱ እስኪያልፍ ድልድዩ ላይ ትቆማለች። እጇ ጨርቅ መጭመቅ አይችልም። ሳፋዎቿን ሸጣለች። ማታ መብራት አታበራም። ቤቷን ሲያዩ አልጋው ላይ የነበረው ልብስ የእኔ ነው።»

 ሽሮ ሻጯ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ እትዬ!» ስትል ሰማሁ።

ልብስ አጣቢዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ቁጣ አላየሁባትም። አዲስ ሰው እንደምታይ አድርጋ አየችኝ።

«እትዬ ያዩት ሌላ ሰው ይሆናል» አለች። «ዓይንዎ ደክሟል።»

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

«እኔ በልቼ ነው የመጣሁት። ምንም አልጎደለብኝም። ተመስገን።»

ሰብሳቢው እኔን አየ፤ እሷን አየ። «ባለጉዳይዋ ራሷ ተመስገን ካለች እኛ ምን እንላለን?» አለ። መልስ የሚጠብቅ አይመስልም ነበር፤ ትንሽ ግን ጠበቀ። ከዚያ የሌላ ሰው ስም ጠራ።

እሷ ነጠላዋን አስተካክላ በሰው መካከል አለፈች። ሾፌሩ ከበሩ ገለል አሉላት።

ስብሰባው ሲበተን ወጣቷ ባለሙያ ደጁ ላይ ደረሰችብኝ። «እናቴ፣ እኔ አምኜዎታለሁ» አለችኝ። «እሷ ክዳ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»  ገንዘቡ ነበር፤ ሰጪው ነበር፤ የሚያስፈልጋት ሴትም ነበረች። አንድ ቃል ጎደለ። ቃሏን ልሰጥላት ሞከርኩ፤ የራሷ ካልሆነ ግን አይሠራም።

ሾፌሩ በመንገድ ላይ «ባትናገሪ ይሻል ነበር» አሉኝ። ሽሮ ሻጯም በሌላ ቀን ይህንኑ አለችኝ። ይሁን። አሁንም ያ ሰብሳቢ ቢጠይቀኝ ያንኑ እለዋለሁ። ውጤቱም ያው እንደሚሆን አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ አጣቢዋ በምሳ ሰዓት ከግቢው መውጣት አቆመች። የሚያያት ሰው እንዳለ አውቃለች። በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። ጠዋት ቧንቧው ጋ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ እትዬ» ትለኛለች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ወጉ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ» እላታለሁ። «ተመስገን» ትለኛለች። ድሮ ከዚያ በኋላ ወሬ ነበረን። ስለ ቤንዚን፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ሾፌሩ ጉልበት። አሁን ባልዲዋን ግማሽ ሞልታ ታነሳለች፤ ሙሉውን መሸከም አትችልም፤ እኔም ላግዝሽ አልላትም። በሌላ ጊዜ ቢሆን እላት ነበር።

የሚቀጥለው የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ድርሻዋን ከሁላችን ቀድማ ከፈለች። በዚህ ልትሄድ መሆኑን አወቅሁ።

በወጣችበት ቀን ማለዳ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ነበርን። ዕቃዋ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ነው። አልጋዋን ለሰፈሩ እንጨት ሻጭ ሰጥታዋለች። ሽሮ ሻጯ በትልቅ ፕላስቲክ ሽሮ አስራ መጣች።

«ይህንን እንዳትመልሺብኝ። ለመንገድ ነው፤ የመንገድ አይመለስም።»

«ለወንድሜ ሚስት እሰጥልሻለሁ» አለች። ተቀበለቻት። ሽሮ ሻጯ አቅፋት አለቀሰች፤ እሷ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት፣ የምትሄደው ሌላዋ የሆነች ይመስል።

ሾፌሩ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «እዚያ ሄደሽ በክትፎ በቆጮ ስትወፍሪ እኛን አትርሺን።»

«ጉልበትዎ ሲድን ይምጡ» አለቻቸው።

«እንግዲያው አልመጣም ማለት ነው።»

ፈገግ አለች። ሦስቴ ሳመቻቸው።

ወደ እኔ ደጅ መጣች። በክንዷ ላይ የታጠፈ ነጭ ነገር ይዛለች። የአልጋ ልብሴ ነው። እንግዶቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ እሷ ዘንድ ነበር፤ አልጠየቅኋትም።

«አጥቤዋለሁ እትዬ» አለች።

ተቀበልኩት። ጫፉ፣ ያ በእጅ የተሠራው ዳር ዳሩ፣ ገና እርጥብ ነው። መጭመቅ አቅቷት ከነውኃው አስጥታው፣ ውኃው ወደ ታች ወርዶ እዚያ ቀርቷል። እጇን አየሁ። ወዲያው ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ሦስቴ ሳመችኝ። ጉንጯ ቀዝቅዟል።

ሻንጣዋን አነሳች፤ ፌስታሏን በክንዷ አንጠለጠለች። ከቧንቧው አጠገብ ስታልፍ አልዞረችም። የግቢያችን በር ዝቅተኛ ነው፤ ጎንበስ ብላ ወጣች።